ያዞርኳት ብሎን

ሰኞ 3

ልብስ ሰፊው ዛሬ ስልኩን ባዶ ብርጭቆ ውስጥ አቁሞ ዘፈን ሲያሰማ አገኘሁት። እንዲህ ሲሆን ይጎላል ይላል። የሄድኩት ያሳጠረልኝን ሱሪ ልቀበል ነበር። ደጃፉ ሳልደርስ ድምፁን ለየሁት።

«ኢንጂነር! ይምጡ ይስሙ እንጂ፣ ወፊቱ ተመልሳ መጣች! አንዱ ከአሮጌ ካሴት ገልብጦ ለቆት አገር ምድሩ እየሰማት ነው። ልጆቼ ሳይቀሩ አብደውላታል» አለኝ።

ኢንጂነር የሚለኝ የምህንድስና ትምህርት ቤት ደጃፍ እንዳልረገጥኩ ስለሚያውቅ ነው። ሱሪዬን ብብቴ ሥር ሸጉጬ መልስ ሳልሰጠው ወጣሁ።

ካሴቱ የእኔ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ካሴት እያባዛሁ ስሸጥ ኖሬያለሁ፤ የእጄን ሥራ አላጣውም። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዘፈን መካከል አንዲት «ቀጭ» የምትል ድምፅ አለች። የማባዣ ማሽኔ ጠባሳ ናት።

ረቡዕ 5

ልጄ ከመድኃኒት ቤት ሥራዋ ስትመለስ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። የዘመኑን ዘፈን ልታስለምደኝ ቆርጣ ተነስታለች። አምስት ሰማሁ። አንዱም መግቢያ የለውም።

«መግቢያው የት ሄደ?» አልኳት።

«ሰው አይታገስማ አባዬ። ሠላሳ ሴኮንድ ካልተሰማ አይቆጠርላቸውም። ስለዚህ ዋናውን መጀመሪያ ላይ ያመጡታል።»

«ገና በሩን ሳትከፍቺ አንገትሽ ላይ እንደሚጠመጠም እንግዳ ነው።»

ሳቀች። አንዱ ዘፈን ሲያልቅ ስልኩ ራሱ ሌላ ይመርጣል። እኔ ሱቅ ሳለሁ ለሰው ዘፈን የምመርጠው ፊቱን አይቼ ነበር፤ የከፋውን አውቀዋለሁ፣ የተጣላውን አውቀዋለሁ። ስልኩ ፊት አያይም። አራተኛዋ ልጅ ደህና ትዘፍናለች፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። ግን ድምፅዋን ሲያጸዱት ትንፋሿን አብረው ጠርገው አውጥተውታል። ሳትተነፍስ የምትዘፍን ሰው ታስፈራኛለች።

«እሺ የራስህን ዘፋኝ ልክፈትልህ? የወፊቱ አድናቂ አልነበርክ እንዴ?»

«ጠግቤያታለሁ» አልኳት።

ሐሙስ 6

ዘፈኗን ታክሲ ውስጥ ሰማሁት። ደረጃው ላይ ከአንዲት ተማሪ ስልክ። ከጸጉር ቤቱ። በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ። ቤቴ ገብቼ መስኮቱን ዘጋሁ። ማንም አልከፈታትም። እሷ ግን ጭንቅላቴ ውስጥ አላቆመችም።

እሑድ 9

የሙዚቃ ኩባንያ ሴትዮ ቤቴ ድረስ መጣች። በስልክ ዘፈን የሚያሰራጭ ድርጅት ነው። ጨዋ ናት፤ ጫማዋን ጠርጋ ገባች፤ ልጄ ሻይ ሰጠቻት። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ወፊቱን በወጉ ሊያወጧት ይፈልጋሉ። የሚቀጥለው ወር በገባ በ15፣ ሰኞ ቀን፣ በየአገሩ በአንድ ጊዜ። መጀመሪያ የተቀዳበት ትልቁ የቴፕ ጥቅል፣ ሪሉ፣ ሱቄ ውሃ የገባ ጊዜ በስብሷል። የቀረው ንጹሕ ቅጂ እኔ ጋ ነው፤ የአሳታሚነት ውሉም በእኔ ስም ነው። ስለዚህ የእኔ ፊርማ ያስፈልጋቸዋል።

«ጋሼ፣ አንዴ በእኛ በኩል ከወጣ በኋላ ዋናው እሱ ነው። ሌላው ሁሉ ይሰረዛል። ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ሲያባዙ የነካኩት፣ የቀየሩት ነገር አለ?»

«እኔ ሥራዬን አውቃለሁ» አልኳት።

«ይቅርታ፣ ደንብ ሆኖብኝ ነው።»

ሥራዬን አውቃለሁ ያልኩት ውሸት አይደለም። ደጋግሜ አሰብኩበት፤ ውሸት የሚባል ቃል የለበትም።

ማክሰኞ 11

ካሴቱን ከሣጥኑ አውጥቼ ሞከርኩት። የማጫወቻው የጎማ ቺንጋ ላልቶ ነበር፤ ቀየርኩት። ካሴቱን የሚያነበውን ጭንቅላቱን በአልኮል ጠረግኩ። ከፈትኩ።

መዝፈን ከመጀመሯ በፊት ትዘፍናለች። ከሩቅ፣ ከግድግዳ ጀርባ እንደሚመጣ ሆኖ፣ ያንኑ የመጀመሪያ ስንኝ በሹክሹክታ ታሰማለች፤ ከዚያ አንድ ሴኮንድ ያህል ዝም፤ ከዚያ በሙሉ ድምፅዋ ትጀምራለች። ምክንያቱን አውቃለሁ። ካሴት ለዓመታት ሳይንቀሳቀስ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ድምፁ ከአንዱ ድርብ ወደ ጎረቤቱ ድርብ ይታተማል። ራሴ መጽሐፍ አንብቤ የተማርኩት ነገር ነው፤ ተአምር የለበትም።

ቢሆንም ዘጋሁት። በሹክሹክታዋ ውስጥ ድምፅዋ ወፍራም መሰለኝ። ሊሆን አይችልም። የታተመውም በዚያው ፍጥነት ነው የሚዞረው።

ዓርብ 14

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ልጄ ሥራ ናት። ልጻፈው።

ዘፋኟ ያኔ ሱቄ ስትመጣ ማንም አያውቃትም ነበር። ሪሉን በከረጢት ይዛ ቆማ «ይስሙልኝና ካልወደዱት ይመልሱልኝ» አለችኝ። ሰማሁት። የመጀመሪያው አድናቂዋ እኔ ነኝ፤ ይህን ማንም ሊወስድብኝ አይችልም። ከደረቷ የሚወጣ ወፍራም ድምፅ ነበራት። አትቸኩልም። ሱቁን ዘግቼ ሁለቴ ደገምኩት።

ችግሩ ርዝመቱ ነው። ገበያው ላይ ያለው ካሴት በእያንዳንዱ ገጽ ሠላሳ ደቂቃ ይይዛል። የእሷ ደቂቃ ተኩል ያህል ይተርፋል። የመጨረሻውን ዘፈን እንቁረጥ አልኳት፤ እናቴ የገጠመችው ግጥም ነው፣ አይቆረጥም አለች። እኔም መቁረጡን አልወደድኩትም። በሪል ማጫወቻው ሞተር ጀርባ ፍጥነቱን የምታስተካክል አንዲት ብሎን አለች። ካቻቢቴዬን አስገብቼ ሩብ ዙር አዞርኳት። ሪሉ ፈጠን ብሎ ዞረ፤ ካሴቱ ልክ በልክ ሆነ። ድምፁ ትንሽ ቀጠን አለ። ትንሽ ነው። ዘፈን ካልቆረጡ ሌላ መላ አልነበረም። ማንም ሰው የሚያደርገው ነገር ነው።

ካሴቱ እንደ ጉድ ተሸጠ። ሕዝቡ ድምፅዋን ሰምቶ «ወፊቱ» አላት። ስሟን የሚያስታውስ ጠፋ። ስሙን አልወደደችውም። «ወፍ የምመስለው ምኔ ነው?» ትለኝ ነበር።

ሰኞ 17

የኩባንያዋ ሴትዮ ደወለች። ፊርማ። ነገ አልኳት።

ደረጃው ላይ ያችው ተማሪ። ያው ዘፈን። ልጅቷ ጣቷን አንስታ እንደ ወፍ እየቀጠነች ትከተላታለች። ጮክ ብዬ «ዝም በይ!» አልኳት። ደነገጠች። የሰው ልጅ ምን አደረገችኝ?

ረቡዕ 19

ልብስ ሰፊው አዲስ ወሬ አለው። እሱ ዘንድ ወሬ ከክር ይበዛል።

«በሕይወት አለች እኮ! ከውሃ ማጠራቀሚያው ጀርባ፣ እህቷ ቤት ነው የምትኖረው። አትዘፍንም ግን። ጉሮሮዋን ኦፕራሲዮን ተደርጋ ድምፅ የላትም አሉ፤ በትንፋሽ ብቻ ነው የምታወራው።»

«ታማ ነው» አልኩት።

«ኧረ ኢንጂነር፣ የት ነበሩ? ካሴቱ ከወጣ በኋላ መድረክ ላይ ስትወጣ ሰው ፉጨቱን ለቀቀባት። ትኬታችንን መልሱ፣ አስመሳይ ሰው አምጥታችሁ ታታልሉናላችሁ ወይ ብሎ። ከዚያ ወዲህ እንደ ካሴቱ ልትዘፍን፣ ያችን ቅጥነት ልትደርስባት ስትጮህ ስትጮህ ነው ጉሮሮዋ የሄደው። የገዛ ድምፅዋ ቀናባት!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አይቶ «ምነው፣ አመምዎት እንዴ?» አለኝ።

ሰው ብዙ ያወራል። ጉሮሮ በብዙ ምክንያት ይታመማል።

ሐሙስ 20

ትናንት የጻፍኩትን አነበብኩት። አልሰርዘውም። የጻፍኩትን ሰርዤ አላውቅም።

አንድ ቀን ሱቄ መጥታ ነበር። ከፉጨቱ በኋላ። ካሴቱን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ «ይቺ ማናት?» አለችኝ።

«አንቺ ነሻ።»

«እኔ እንዲህ አልዘፍንም። ቤቴ ቁጭ ብዬ ሞከርኩት፣ አልደርስባትም። ማሽኑ ምን ሆኖ ነው?»

ደንበኞች ቆመው ነበር። ሦስት ሰዎች። አንዱ የታወቀ ነጋዴ ነው። በከተማው ጥራት ያለው ቅጂ የእኔ ብቻ እንደሆነ ሰው ሁሉ ይናገር ነበር። «ማሽን አይዋሽም» አልኳት። «ድምፅሽ ደክሞ ነው። ተለማመጂ።»

ካሴቱን አነሳች። አመሰገነችኝ። እመኑኝ፣ አመሰገነችኝ።

ያልኩት ለደግ ነበር። ልምምድ ለማንኛውም ዘፋኝ ይጠቅማል።

ሰኞ 24

ወስኜ ለኩባንያዋ ሴትዮ ደወልኩ። ከመፈረሜ በፊት የምነግርሽ አለ አልኳት፤ ካሴቱ ከልኩ ይፈጥናል፣ ወደ ኋላ መመለስ አለበት።

ደስ አላት! «ጋሼ፣ ይሄማ ግሩም ነው! አሁን ወጣቱ የተጓተተ ዘፈን ይወዳል፤ እየጎተቱ ያወጡታል፣ እያፈጠኑም ያወጡታል። ዋናውን እናወጣና ከሳምንት በኋላ ደግሞ ‹የተጓተተው› ብለን እንጨምራለን!»

«የተጓተተ አይደለም። ልኩ ነው። የምታወጡት የፈጠነው ነው።»

«ገብቶኛል። ግን ሰው የሚያውቃት በዚያኛው ነው። ሞክረን አየነው፤ ትንሽ ስናወርደው ሰዉ ሁሉ ‹ይቺ ማናት› ይላል።»

«ይቺ እሷ ናት!» ብዬ ዘጋሁባት። ያኔ ሱቄ መጥታ ስትጠይቀኝ፣ ባንኮኒዬ ላይ ሆኜ ለደንበኞቹ ብናገረው ኖሮ ይበቃ የነበረ ዓረፍተ ነገር ነው።

ሐሙስ 27

ልጄ ስልኩን ሰምታ ኖሯል። ሦስት ቀን አድፍጣ ዛሬ እራት ላይ አወጣችው።

«አባዬ፣ ምን አድርገህ ነው?»

«ምንም።»

«ምንም ያላደረገ ሰው ካሴት አቅፎ አይቀመጥም።»

ነገርኳት። ብሎኗን፣ ፉጨቱን፣ ባንኮኒውን። ሹካዋን አስቀመጠች። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። እናቷ ብትኖር ትጮህ ነበር።

«ታውቃለች?»

«ማን?»

«ዘፋኟ ናታ አባዬ!»

«አታውቅም።»

«እና ለኩባንያ ከመደወልህ በፊት ለእሷ አትነግራትም ነበር?»

ሥርዓት ማስተማር የለመድኩት እኔ ነበርኩ። በሐፍረት ቀለጥኩ።

ቅዳሜ 29

ከውሃ ማጠራቀሚያው ጀርባ ያለውን ቤት አገኘሁት። አረንጓዴ የብረት በር። ከውስጥ የሳህን ድምፅ ይሰማል። ቆምኩ። እግሬ ወደ ኋላ መለሰኝ። ለልጄ ሰው አልነበረም አልኳት።

ማክሰኞ 2

ዛሬ ሄድኩ። እንደሆነው እጽፈዋለሁ፤ ላሳምረው አልፈልግም።

የካሴት ማጫወቻዬን በፎጣ ጠቅልዬ በታክሲ ወሰድኩት። ከቤት ሳልወጣ እንደ ሪሉ ማጫወቻ ሁሉ እዚህኛውም ጀርባ ያለችውን የፍጥነት ብሎን ወደ ኋላ ሩብ ዙር መልሼ ድምፁን አውርጄዋለሁ። እህቷ በሩን ከፈተች። ማን ልበል ስትለኝ «ካሴት ቤቱ» አልኳት። ከውስጥ የወንበር መንፏቀቅ ሰማሁ።

ዘፋኟ አንገቷ ላይ ሻርፕ አድርጋለች። ጸጉሯ ነጭ ነው። አላረጀችም ማለት አልችልም፤ አርጅታለች፣ እኔም አርጅቻለሁ። ድምፅ የላትም፤ ቃሉ ሲወጣ ወረቀት በወረቀት ላይ እንደሚሳብ ነው። ማሽኑን አየች።

«ደግሞ ምን ልትሸጥልኝ መጣህ?» አለችኝ።

ሶኬቱን ሰካሁና ከፈትኩት። አንድ ስንኝ ሰማች፤ ዐይኗን ጨፈነች። ከዚያ እጇን አንስታ አስቆመችኝ።

«ገና ነው» አለች።

«ይኸው ልኩ። ከጀርባ ያለችውን ብሎን ሩብ ዙር ነው ያዞርኳት። አስታውሳለሁ።»

«ገና ነው አልኩህ። ያን መፍቻህን ስጠኝ።»

ካቻቢቴውን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። ማሽኑን ዞራ ብሎኗን አገኘቻት። በጥቂቱ አዞረች። ዘፈኑ ወረደ። ደግማ አዞረች። ወረደ። ያን ጊዜ ድምፅዋ ክፍሉን ሞላው። ሱቄን ዘግቼ ሁለቴ የሰማሁት፣ ከደረት የሚወጣው፣ የማይቸኩለው። እህቷ ትሪ ይዛ በር ላይ ቀረች። የዘፋኟ ከንፈር ከዘፈኑ ጋር ይንቀሳቀሳል፤ ምንም ግን አይወጣም።

ከመጀመሪያው መልሼ ስከፍተው ዘፈኑ በሰዓቴ ከቀድሞው በሃያ ሰባት ሴኮንድ ረዘመ። ይህን ያህል ከአራት ደቂቃ ተኩል ዘፈን ላይ ከተነሣ፣ ከአንዱ ገጽ ሦስት ደቂቃ ነው። ደቂቃ ተኩል ብዬ የጻፍኩት ልክ አይደለም። ሩብም አልነበረም፤ ግማሽ ዙር ነው። ለራሴ ሩብ እያልኩ ስነግር የኖርኩት ማንም አስገድዶኝ አይደለም።

«ይቺን ልደርስባት» አለች፣ ካሴቱን በጣቷ እየነካች፣ «ስንት ዓመት ጮህኩ።»

ማሽኑን አጠፋሁት።

«ለምን አዞርካት?» አለችኝ።

«ካሴቱ አልበቃ ብሎ።»

ሳቀች። ድምፅ የሌለው ሳቅ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። «ለካሴት!» አለች ለእህቷ። «ሰማሽው? ለካሴት!»

ተነሥቼ ቆምኩ። የማላውቀውን ቃል ልናገር አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ይቅርታ ልትለኝ ከሆነ ማሽንህን ተሸክመህ ውጣ። እኔ ይቅርታ ምን ላደርግበት? ዘፈኑ ሲወጣ ማን እንደነካው ይጻፍበት። ስምህ። ሰዎቹ ፊት ‹ማሽን አይዋሽም› ያልክበት አፍህ፣ ሰዎቹ ፊት ይናገር።»

«እሺ» አልኩ።

«እና ወፊቱ አትበሉኝ።»

ዓርብ 5

የኩባንያዋ ሴትዮ ቢሮ። ወንበሩ ዝቅተኛ ነው፣ ጉልበቴ ጆሮዬ ጋ ደረሰ። በልኩ ፍጥነት ካልወጣ አንድ ዘፈን አልሰጥም አልኳት።

«ጋሼ፣ ሰዉ ይሸሻል። የመጀመሪያዋን ደቂቃ ሳይጨርሱ ነው የሚሄዱት።»

«ይሂዱ።»

«ሁለቱንም እናውጣቸው፣ የፈጠነውም ልኩም።»

«አይሆንም። እውነቱን ከውሸቱ ጎን አስቀምጠሽ ሰው የወደደውን ይምረጥ ልትይ ነው።»

ብዙ ተከራከርን። እኔ ግትር ነኝ፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ በዚህ ዕድሜዬ አንድ ጊዜ እንኳ ለሚገባው ነገር ግትር ልሁን አልኩ። በመጨረሻ ሳቀችብኝ፤ ከክፋት አልነበረም። የሚጻፈውን እኔው ተናገርኩ፣ እሷ ጻፈች፦ ይህ የዘፋኟ እውነተኛ ድምፅ ነው፤ ቀድሞ የወጣው ካሴት ፍጥነቱ የተነካው በአሳታሚው እጅ ነው፤ ከዚያ ሙሉ ስሜ፤ ከሱ ሥር የእሷ ሙሉ ስም፤ ወፊቱ የሚል ቃል የለበትም። ፈረምኩ።

ለልብስ ሰፊው እኔው ራሴ ሄጄ ነገርኩት፣ ከሌላ ሰው እንዳይሰማው። ስልኩን ከብርጭቆው ውስጥ አወጣ። ኢንጂነር አላለኝም።

ሰኞ 15

ወጣ። ከንጋት ጀምሮ ልጄ ፈቃድ ወስዳ ስልኩን ይዛ ቁጭ ብላለች። መጀመሪያ ጥቂት ሰዎች ሰሙት። ከዚያ ብዙ። ከዚያ የሰዉ ጽሑፍ መጣ።

«አንብቢልኝ» አልኳት።

«ተወው አባዬ።»

«አንብቢ።»

«‹ይህ በኮምፒውተር የተሠራ ድምፅ ነው።› ሌላው ደግሞ፣ ‹የሴትዮዋን ድምፅ በማሽን አስመስለው ሠርተው ይሸጡልናል፣ አያፍሩም።› ሌላ፣ ‹የድሮዋን መልሱልን።› ሌላ፣ ‹ወፍራም ሆና ጠፋች፣ ማሽን ነው፣ ይታወቃል።›»

«እሷ ሰምታዋለች?»

«እህቷ ደውላ ነበር። ጠዋት ከፍተውላት፣ ድምፁን አስጨምራ ቁጭ ብላለች። እስካሁን አልተነሣችም።»

«ለሰዎቹ መልስ እንዴት ይጻፋል?»

አሳየችኝ። መነጽሬን አደረግኩ። አንድ ጣት ብቻ ነው የምችለው። ሩብ ሰዓት ፈጅቶብኝ ለመጀመሪያው ጻፍኩለት፦ ማሽን የነበረው የፊተኛው ነው። ማሽኑን የነካሁት እኔ ነኝ። ይቺ ራሷ ናት።

ልጄ ይህንን ቀድተህ ለሁሉም መለጠፍ ትችላለህ፣ አትድከም አለችኝ። አልፈለግኩም። ሁለተኛውን በእጄ ጻፍኩ። አሁን ከሰዓት ነው፣ አሥራ ዘጠነኛው ላይ ነኝ፤ ይህን የምጽፈው ጣቴን ላሳርፍ ብዬ ነው። ገና ብዙ ሰዎች አሉ።